አንድ ቤተሰብ፣ ሦስት ሪፖርት

እኔ በምሠራበት ወረዳ የአንድ ሩብ ዓመት ሪፖርት ላይ «ድጋፍ ያገኙ ቤተሰቦች» በሚለው ሥር ከተቆጠሩት ውስጥ ሦስቱ አንድ ቤት ናቸው። የሕፃናት ዴስክ «ክትትል የተደረገላቸው» ብሎ ያዛቸው። ችግረኛ ቤተሰቦችን የሚደግፈው የመንግሥት ፕሮግራም፣ ሴፍቲኔት፣ «መረጃቸው በመጣራት ላይ ያለ» ውስጥ አስገባቸው። የወጣቶች ዘርፍ ደግሞ ታላቅየውን «የምክር አገልግሎት ያገኘ» አለው። አንዳቸውም ውሸት አልጻፉም። ግን ሪፖርቱ በስብሰባ ሲነበብና ሲጸድቅ እነዚያ ልጆች ቤት ከእኛ ወረዳ አንድ ብር፣ አንድ ኪሎ ዱቄት አልገባም ነበር። እስካሁን ያንገበግበኛል።

እናትየው የሴፍቲኔት ተጠቃሚ ነበረች፤ የአካባቢ ጽዳት ላይ ነው የምትሠራው። እንደማንኛውም ተጠቃሚ ከክፍያዋ 20 በመቶው በባንክ በቁጠባ ይያዝላት ነበር። ታማ ብዙም ሳትቆይ አረፈች። የ17 ዓመት ወንድ ልጅና ሁለት ታናናሽ እህቶቹ ቀሩ፤ አባታቸው ቀድሞ ሞቷል። ልጁ ከአሥረኛ ክፍል አቋርጦ ታክሲ ላይ ረዳት ሆነ። እህቶቹ ቁርስና ምሳ ትምህርት ቤት ስለሚመገቡ ከሰኞ እስከ ዓርብ እንደምንም ይገፋል፤ ጭንቁ ቅዳሜና እሑድ ነው። ትንሿ ዓርብ ዓርብ ዳቦዋን ሳትበላ በደብተር ወረቀት ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ስትከት መምህሯ አየቻት። ጉዳዩ ወደ እኛ የመጣው በዚህ ነው።

ዘርፉ ውስጥ ያለ ሰው 17 ዓመት ምን ዓይነት ዕድሜ እንደሆነ ያውቀዋል። በ1996ቱ የወጣቶች ፖሊሲ ወጣት ማለት ከ15 እስከ 29 ዓመት ያለ ነው። በ1984 አገራችን በተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን ደግሞ 18 ያልሞላው ሁሉ ሕፃን ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ፣ 1156/2011፣ ከ15 ዓመት ጀምሮ በገደብ መሥራት ይችላል ይላል። በ2009 የወጣው የወጣቶች ተዘዋዋሪ ፈንድ ግን ብድር የሚሰጠው ከ18 እስከ 34 ዓመት ላሉ ነው። እያንዳንዱ ሕግ ለብቻው ሲታይ ምክንያት አለው፤ ልጅን ለመጠበቅ ወይም ብድርን ለመጠበቅ የተጻፈ ነው። አንድ ልጅ ላይ አንድ ላይ ሲያርፉ ግን ሁሉም ወደ ሌላው የሚገፋበት ክፍተት ይፈጠራል።

ቢሮዎቹ በጋራ በሚመክሩበት የቅንጅት መድረክ ስብሰባ ላይ የሆነውም ይኸው ነው። የወጣቶች ዘርፍ ተወካይ «18 አልሞላውም፣ መታወቂያ የለውም፤ የሕፃናት ጉዳይ ነው» አለ። የሕፃናት ባለሙያዋ «ቤታቸው ድረስ ሄጃለሁ፣ በር አልከፈተም። ቀጠሮ ሰጥቼው ቀርቷል። ባለጉዳዩ አልተባበረም ብዬ ፋይሉ ላይ አስፍሬያለሁ» አለች። ሴፍቲኔት በበኩሉ የቤተሰቡን ኃላፊ ለመቀየርና ቤቱን ወደ ቀጥታ ድጋፍ፣ ማለትም ሳይሠሩ ክፍያ ወደሚያገኙት፣ ለማዞር የሞት ምስክር ወረቀት አልቀረበልኝም ይላል። ልደትና ሞት የሚመዘግበው ወሳኝ ኩነት «አስመዝጋቢው መታወቂያውን ይዞ ይቅረብ፣ አሁኑኑ እንመዘግባለን» ይላል። የነዋሪነት መታወቂያ የሚሰጠው 18 ለሞላው ነው። ክቡ ተዘጋ። ሰብሳቢው «በቅንጅት ይፈታ» ብለው ቃለ ጉባኤ ላይ አስያዙና ወደሚቀጥለው አጀንዳ አለፉ።

በዚህ መሃል ከኋላ ወንበር አንድ አዛውንት እጃቸውን አነሡ። የእድሩ ጸሐፊ ናቸው፤ መመሪያው ስለሚያዝ በየስብሰባው ይጠራሉ፤ አበልም ሆነ የመናገር ተራ ሲያገኙ ግን አላየሁም። ሰብሳቢው «አባት፣ ሰዓት ስለሄደብን አስተያየትዎን በጽሑፍ ቢሰጡን» አሉ። አዛውንቱ ባርኔጣቸውን ከጉልበታቸው አንሥተው ዝም አሉ። እኚህ ሰብሳቢ ዛሬ ሌላ ክፍለ ከተማ ነው የሚሠሩት። ይህን ቢያነቡ የማን ጉዳይ እንደነበረ ያስታውሱታል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

ስብሰባው ሲያልቅ ደረጃው ላይ ደረስኩባቸው።

«ጋሼ፣ ምን ሊሉ ነበር?»

ከኮታቸው ኪስ ጠርዙ የተበላ ባለ መስመር ደብተር አወጡ። ሴትየዋ ያረፈችበት ቀን፣ እድሩ ለልጆቹ የከፈለው፣ ድንኳኑ የፈረሰበት ቀን፣ አርባዋ ድረስ ከልጆቹ ጋር የተቀመጠችው አክስታቸው የደብረ ብርሃን ስልኳ፣ ሁሉም በእጅ ጽሑፍ ሰፍሯል። ሦስት ቢሮ ተፈልጎ የታጣ መረጃ አንድ ገጽ ላይ።

«ልጄ፣ በር ያልከፈተው ንቆ አይደለም» አሉኝ። «እህቶችህን ማሳደጊያ ሊያስገቡብህ ነው ብለው የጊቢው ሰዎች አስፈራርተውታል። መዝገብ የያዘ ሰው ሲያይ ይደበቃል።»

ልጁን ያገኘሁት እሳቸው ቤት ነው፣ ማታ ከሥራ ሲወጣ። ቀጭን ነው፤ ቀኑን ሙሉ ሲጣራ ስለዋለ ድምፁ ሰልሏል። የተቀዳለትን ሻይ አልነካም። እህቶቹን ማንም እንደማይወስድ፣ በአገራችን አሠራር ማሳደጊያ የመጨረሻው አማራጭ እንደሆነ፣ ቅድሚያ የሚሰጠው ልጆች ከቤተሰባቸው ጋር እንዲቆዩ መሆኑን ነገርኩት። እስከ መጨረሻው አዳመጠኝና፦

«ይሄን በወረቀት ይጽፉልኛል?» አለኝ።

«ምኑን?»

«አሁን ያሉትን። እንደማትለያዩን። ማኅተም አድርገው።»

በሥራዬ ከባለጉዳይ ብዙ ነገር ተጠይቄያለሁ፤ እንዲህ ያለ ግን አልገጠመኝም። የሞት ምስክር አምጣ፣ መታወቂያ አምጣ፣ መሸኛ አምጣ እያልን ያመላለስነው ልጅ እሱም ከእኛ አንድ ወረቀት ፈለገ። ትክክልም ነበር። እኛ በቃሉ አላመንነውም፤ እሱ በቃላችን የሚያምንበት ምክንያት አልነበረውም። ቤት ደርሼ እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

በማግስቱ ደብዳቤውን አረቀቅሁ። ኃላፊዬ አንብበው «እንዲህ ዓይነት ደብዳቤ ቅጽ የለውም እኮ» አሉ። እውነት ነው፣ የለውም። «መቼም አትለያዩም» ብዬ መጻፍ እንደማልችል አውቃለሁ፤ የማልችለውን ቃል ልሰጠው አልፈለግሁም። የጻፍኩት ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ እህቶቹ ከእሱ እንደማይነጠሉ፣ ጽሕፈት ቤታችንም ሦስቱ አብረው እንዲኖሩ አስቀድሞ እንደሚሠራ ነው። ኃላፊዬ ብዕራቸውን ይዘው ቆዩ፤ ከዚያ ፈረሙ። እኚህን ሴት ስለዚያ ፊርማ አከብራቸዋለሁ። ልጁ ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበበ፤ በላስቲክ አድርጎ ሸሚዙ ውስጥ ከተተው። ከዚያ በኋላ የጠየቅነውን ወረቀት ሁሉ ራሱ እየሮጠ ያመጣው ጀመር።

የቀረው ሥራ ነው። የወሳኝ ኩነት ሕጉ አብሮ የሚኖር ካልተቻለ ዘመድ፣ ዘመድ ካልተገኘ ጎረቤት ሞትን ማስመዝገብ እንደሚችል ይፈቅዳል። የእድሩ ጸሐፊ በራሳቸው መታወቂያ አስመዘገቡ። አክስትየው መጥታ ከከተማው ፍርድ ቤት የሞግዚትነትና የወራሽነት ማስረጃ ወጣ። በዚያ የእናትየው ቁጠባ ከባንክ ተለቀቀ፤ ቤቱም ወደ ቀጥታ ድጋፍ ተዛወረ። አክስትየው እነሱ ጋር ገብታ መኖር ጀመረች። ልጁ 18 ሲሞላው መታወቂያውን አወጣ፤ አሁን የማታ ተማሪ ነው፣ ታክሲውንም አልተወም።

ታሪኩን የሰሙ የሥራ ባልደረቦቼ «አየሽ፣ እድር ይሻላል» ይሉኛል። በዚህ አልስማማም። የእድሩ ጸሐፊ ያለ እኛ ማኅተም ባንክ ቤት በር ላይ ይመለሱ ነበር። ደግሞስ ትናንት ከክፍለ ሀገር መጥታ አንዲት ክፍል የተከራየች እናት፣ እድር ያልገባች፣ ስሟ በማንም ደብተር የሌለ፣ እሷ ብትሞት ልጆቿን ማን ይዘግባቸዋል? የመንግሥት ሥራ የሚያስፈልገው ለእንደሷ ያለው ነው። ለዚያ ቤት የደረስነው በአሠራራችን ሳይሆን አንድ ሽማግሌ ደረጃ ላይ ስላልሮጡብኝ መሆኑን ሳስበው እፈራለሁ።

ስለዚህ ለቅንጅት መድረኩ ሁለት ነገር ጽፌ አቅርቤያለሁ። አንደኛው በእያንዳንዱ ቤተሰብ ፋይል ፊት ላይ የአንድ ባለሙያ ስምና ስልክ ይጻፍ፤ ጉዳዩ የትኛውም ቢሮ ቢሄድ ተጠያቂው ያ ሰው ይሁን። ሁለተኛው ሪፖርት በቤት ቁጥር ይቆጠር፤ አንድ ቤት አንድ ጊዜ። የመጀመሪያውን ሁሉም ደገፈው። ሁለተኛው ላይ ሲደረስ ሁለት ቡድን መሪዎች ዕቅድ አፈጻጸማችን ይወርዳል ብለው ተቃወሙ። ይወርዳል፣ አልካድኩም። እነሱ የሚመዘኑት ከላይ በወረደላቸው ቁጥር ነውና ፍርሃታቸው ይገባኛል። ሐሳቡን ግን አላነሣሁም፤ ለክፍለ ከተማው በደብዳቤ ልኬዋለሁ፣ የእድር ተወካዮች በስብሰባ ላይ የመናገር ተራ እንዲያዝላቸውም በዚያው ጨምሬ ጠይቄያለሁ። መልሱን እየጠበቅሁ ነው።