መጀመሪያ ድልድዩ

ዛሬ አዳማ ላይ የአንድ አነስተኛ አገር በቀል ግብረ ሰናይ ድርጅት ስትራቴጂክ ዕቅድ ሲገመገም ዋልኩ። አማካሪው እኔ ነኝ። ድርጅቱን የሚመሩት እናት ከኋላ ተቀምጠው ዝም ብለው ሲሰሙ ቆዩና፣ ቀስት የበዛበት ስላይድ ላይ ስደርስ እጃቸውን አወጡ።

«ልጄ፣ ሁሉም ጥሩ ነው። ሰፈሩ ግን እኔን የሚጠይቀኝ ውሃ ነው።»

አዳራሹ ሳቀ። እኔ የሴቶች መብት ተሟጋቿ ቦጋለች ገብሬ ትዝ አሉኝ፣ ነፍሳቸውን ይማርና። ከምባታ ሄደው ስለ ኤችአይቪ ማስተማር ሲጀምሩ ሕዝቡ ያስቀደመው ጥያቄ ድልድይ ነበር፤ ልጆች ወደ ትምህርት ቤት፣ ነጋዴው ወደ ገበያ የሚሻገርበት። ድልድዩ ተሠራ። ስለ ሴት ልጅ ግርዛት ሽማግሌው፣ ወጣቱና ሴቱ አንድ ላይ ተቀምጠው የተነጋገሩት አመኔታው ከመጣ በኋላ ነው።

ከውጭ ከ10 በመቶ በላይ ገቢ ያለው ድርጅት በመብት ጉዳይ እንዳይሠራ ያገደው የ2001ዱ የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ 621 በ2011 በአዋጅ 1113 ከተተካ ወዲህ በሩ ተከፍቷል። የእኛም የአማካሪዎቹ ገበያ ደርቷል (እግዜር ይስጥልን)። ግን የድርጅቱ ስም ብቻ እየተቀየረ የሚሸጥ ዕቅድ በዓይኔ አይቻለሁ። ሃምሳ ገጽ፣ አንድም የሰፈር ሰው ድምፅ የለበትም።

ከሻይ በኋላ ውሃውን የመጀመሪያው ዓመት በጀት ውስጥ አስገባነው። የለጋሹ ተወካይ «ከትኩረት መስካችን ውጭ ነው» አሉ። ሰኞ ከእትዬ ጋር አብረን ቢሯቸው እንሄዳለን።