«ክሩን ከየት ገዛሽው?»

«አባቴ አይደሉም» ያልኩት ለምንድን ነው? ሦስት ቀን ሙሉ ራሴን የምጠይቀው ይህንኑ ነው። ዝም ብል ምን ነበረበት?

ወረፋ ያለበት ቢሮ ስሄድ ኪሮሼን ይዤ ነው። እንደ እናቶቻችን የሶፋና የቴሌቪዥን ዳንቴል ለመሥራት ትዕግሥቱ የለኝም። የኔ ሥራ የፊት መታጠቢያ ጨርቅ ናት። አንድ ልቃቂት፣ ጎኗ 25 ሳንቲሜትር፣ ቦርሳ ውስጥ ግጥም። ክሩ ግን የግድ ጥጥ ነው። ሰው ሠራሹ የሹራብ ክር ውሃውን ፊት ላይ ወዲያና ወዲህ ይገፋዋል እንጂ አይጠጣውም። ጥጥ ይመጥጣል። ይህችን ያዙልኝ።

በር ላይ ጥበቃው ቦርሳዬን ፈተሸ። ኪሮሹን አገላብጦ አየና መለሰልኝ። ጣት የምታክል መቀሴን ግን «ስትወጪ ትወስጃለሽ» ብሎ አስቀረ። እስቲ ፍረዱኝ! ጫፉ መንጠቆ የሆነ ብረት ይገባል፣ ክር በልመና የምትቆርጥ መቀስ ትከለከላለች።

ውስጥ ያው ነው፤ ሲስተም የለም። ቁጭ ብዬ ሥራዬን ቀጠልኩ። አጠገቤ አንድ አባት ጉንፋን አጣድፏቸው ያስነጥሳሉ። ሁለት ዙር የቀራትን ጨርቄን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ ስለካ ዞር ብለው አዩኝ። ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

«አይ ልጄ! ለሰው መድኃኒቱ ሰው ነው» ብለው አነሷት።

ተናፈጡባት። ደህና አድርገው። ጥጥ ይመጥጣል ብያችሁ የለ?

ከዚያ ምርቃቱ መጣ። እጅሽ ይባረክ፣ ወልደሽ ሳሚ፣ ከክፉ ይሰውርሽ። አሜን፣ አሜን፣ አሜን። የሚመርቅ ሰው እጅ ላይ ያለ ዕቃ እንዴት ይነጠቃል? አጣጥፈው ኮት ኪሳቸው ከተቷት። ወዲያው ቁጥራቸው ተጠራ። ሲስተሙ ለእሳቸው መጣ!

ወደ መስኮት 6 ሄዱ። ክሩም ተከተላቸው። ልቃቂቱ ቦርሳዬ ውስጥ እንደ አይጥ ይንኮሻኮሻል። መቀሴ በር ላይ ናት። ክሩን ያዝ ሳደርገው ቆም ይላሉ፣ ላላ ሳደርገው ይሄዳሉ። ያዝ፣ ቆም። ላላ፣ ሄድ።

ፊት ለፊቴ የተቀመጡት ሴትዮ በአድናቆት ራሳቸውን ነቀነቁ። «ጎሽ! የኛም አባት እየጠፉ አስቸግረውናል። ክሩን ከየት ገዛሽው?»

«ከመርካቶ።»

«አይበጠስም?»

«ጥጥ ነው፤ ጠንካራ ነው።» ለምን እንደምመልስ አላውቅም።

ያ ጥበቃ ከየት መጣ ሳልል አጠገቤ ቆመ። «አንቺ! ሽማግሌ አባትሽን እንደ በግ ትጎትቻለሽ? አታፍሪም?»

«ኧረ አባቴ አይደሉም!»

አዳራሹ ጸጥ አለ። ጥበቃው ክሩን በዓይኑ እስከ መስኮት 6 ተከትሎ ሄዶ ተመለሰ።

«እና የሰው አባት ነው ያሰርሽው?»

ክሩን በጥርሴ ያዝኩት። የጥጥ ክር ደግሞ በአንድ ንክሻ አይለቅም። ወረፋ ያለው ሰው ሁሉ እያየኝ አኘክሁ፣ አኘክሁ። አባታችን በመሃል ዞር አሉና በእጃቸው ሰላም አሉኝ። ሴትዮዋም ከዚያ ወዲያ ቦርሳቸውን ጠበቅ አድርገው ይዘው ወንበር ቀየሩ።

ሲስተሙ ተመልሶ ጠፋ። ሰኞ ነይ ተብያለሁ። መቀሴም እዚያው ጥበቃው መሳቢያ ውስጥ ናት። ሻሽ አስሬ፣ ጥቁር መነጽር አድርጌ ልሄድ ነው።