ጠዋት የተቆረጠ ቅጠል

ባቱ (ዝዋይ) አካባቢ አንድ የአበባ እርሻ ላይ ስሠራ መጋቢት በገባ ቁጥር ጭንቅ ይይዘኝ ነበር። ቀዩ ጽጌረዳ ይደበዝዛል፣ እምቡጡም ያንሳል። እንደ ሆለታ ባለ ደጋ ቦታ ጽጌረዳ ቀስ ብሎ ስለሚደርስ እምቡጡ ይተልቃል። የእኛን ግን ሙቀቱ ያቻኩለዋል። ቀለሙ ለምን እንደሚለቅ አንብቤ ነበር። አንቶሲያኒን የሚባለውን ቀይ ቀለም የሚያሠሩት ጂኖች ሲሞቃቸው ሥራቸውን ይቀንሳሉ። ቅጠሉ ውስጥ የሚሆነውን ግን በዓይኔ ማየት ፈለግሁ።

ጂን የሚለካ ማሽን ከየት ይመጣል? ቀላሉን መንገድ ያዝኩ። ሙቀት ሲበዛ የሴሉ ሽፋን ይላላና በውስጡ ያለው ጨው ወደ ውጭ ይፈስሳል። ጨው የገባበት ውሃ ደግሞ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። ስለዚህ የቅጠሉ ጉዳት፣ ውሃ ኤሌክትሪክ ምን ያህል እንደሚያስተላልፍ በሚለካው ኢሲ ሜትር ይታወቃል።

ከቅጠሎቹ እኩል ክብ ቁራጮች አወጣሁ። የተቆረጠው ጠርዝ ራሱ ጨው ስለሚያፈስ በዲስትልድ ውሃ ደጋግሜ አጠብኳቸው። ግማሾቹን 38 ዲግሪ ላይ ለአንድ ሰዓት አቆየሁና ሁለት ሰዓት አሳረፍኳቸው። ከዚያ ሁሉንም ውሃ ባለባቸው ቱቦዎች አድርጌ 48 ዲግሪ አስገባሁና የፈሰሰውን ጨው ለካሁ። በመጨረሻም የቀረው ጨው ሁሉ እንዲወጣ ቱቦዎቹን አፍልቼ ድጋሚ ለካሁ። ይህን ካላደረጉ የፈሰሰው ከስንት ስንቱ እንደሆነ አይታወቅም። የእርሻው ሜትር ለማዳበሪያ ውሃ የተሠራ ስለሆነ እንዲህ ያለ ትንሽ ጨው አይቆጥርም፤ ዜሮ ብቻ ያሳየኛል። ስሱ የሆነውን ከጓደኛዬ ተዋስኩ።

የጠበቅሁት ይህን ነበር። ቀዝቀዝ ባለ ሰዓት ኤችኤስፒ70 እና ኤችኤስፒ90 የተባሉት ፕሮቲኖች ኤችኤስኤፍኤ1 የተባለውን ቀስቃሽ አፍነው ይይዙታል። ሙቀት ሲመጣ ሌሎች ፕሮቲኖች ቅርጻቸው ይበላሻል። ያዦቹ እነሱን ለማዳን ሲሄዱ ቀስቃሹ ይለቀቃል። ሦስት ሦስት ሆኖ ይጣመርና ኒውክሊየስ ውስጥ የመከላከያ ጂኖችን ያስነሳል። ከሚሠሩት አንዱ ኤችኤስፒ101 ነው፤ ተጓጉለው የተጣበቁ ፕሮቲኖችን ይፈታል። ስለዚህ 38 ዲግሪን የቀመሰ ቅጠል 48ን በተሻለ መቻል አለበት።

ውጤቱ ግን እኩል ሆነ። ደገምኩት፣ አሁንም እኩል። በጣም አዘንኩ። ቅጠል ስታቀብለኝ የነበረችው ትልቅ ሴት ዝም ብላ ስታየኝ ቆይታ፣ «ልጄ፣ ይሄ ቅጠል እኮ ከጠዋት ጀምሮ ሲቃጠል ነው የዋለው» አለችኝ።

እውነቷን ነው! የቆረጥኩት ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ነበር። ግሪንሃውሱ በዚያ ሰዓት እሳት ነው። «ሙቀት ያልቀመሰ» ያልኩት ቅጠል ቀድሞ ታጥቆ ነው የመጣው።

ሴል ሙቀትን እንዴት እንደሚከላከል የሚያጠናው የሳይንስ ዘርፍ ራሱ ሳይታሰብ በመጣ ሙቀት እንደተጀመረ ያወቅሁት ኋላ ነው። ጣሊያናዊው ፌሩቾ ሪቶሳ በ1962 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ሥራ የዝንብ ክሮሞሶም በሙቀት ሲያብጥ ማየቱን ገለጸ። ነገሩን ያስተዋለው ሌላ ሰው የማሞቂያውን ሙቀት ስለጨመረበት ነበር።

በሚቀጥለው ቀን ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ቆረጥኩ። አሁን ሜትሩን ሳላይ ልዩነቱ ገባኝ። ያልተዘጋጁት ቁራጮች እንደተቀቀለ ጎመን ጠቁረው ውሃ ቋጥረዋል። የተዘጋጁት አረንጓዴ ናቸው፣ ሲነኳቸውም ጠንከር ይላሉ። ሜትሩም ያንኑ መሰከረ።

ከዚያ ወዲህ የምፈራው ቀን ተቀየረ። በተከታታይ ሲያቃጥል አሥረኛው ቀን ያን ያህል አያስደነግጠኝም። ተክሉ ዋጋ እየከፈለ ነው፤ ለእምቡጥ የሚሆነው ጉልበት ፕሮቲን መሥሪያ ይሆናል፣ ግን ይቋቋማል። የሚያሳስበኝ ሦስት አራት ቀን ደመና ከርሞ ድንገት የሚወጣው ፀሐይ ነው። ያን ቀን ጠዋት መስኮቶቹን ቀድሜ እከፍታለሁ፤ የጥላ መረቡም (ሼድ ኔት) 4 ሰዓት ሳይሞላ ይዘረጋል።