«በቀን ስንት ይቀይራሉ?»

ከፕሮስቴት ካንሰር ቀዶ ሕክምናዬ ዛሬ 14 ወር ሞላኝ። ጠዋት የደም ምርመራዬን ውጤት ለመስማት ሄጄ ነበር፤ ፒኤስኤ የተባለው ከፕሮስቴት ዕጢ የሚመነጭ ፕሮቲን መሣሪያው ሊለካው ከሚችለው መጠን በታች መሆኑ ተነገረኝ። ዕጢው በሙሉ ከወጣ በኋላ ሊሆን የሚገባውም ይኸው ነው። ሐኪሜ ፊቱ በርቶ «እንኳን ደስ ያለዎት» ሲለኝ ከልቤ አመሰገንሁት። በዚያው ሰዓት ግን ቀኝ እጄ በኮቴ ኪስ ውስጥ ታጥፎ የተቀመጠውን ትርፍ የሽንት መምጠጫ ፓድ ጨብጦ ነበር። ከቤት ስወጣ ከቁልፌም ከስልኬም ቀድሜ የምፈትሸው እርሱን ነው።

ካንሰር እንዳለብኝ ከታወቀ ወዲህ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ መዳኔ ነው። እንዴት እንደምኖር የጠየቀችኝ አንዲት ነርስ ብቻ ናት።

ፕሮስቴት ከፊኛ በታች የሽንት ቧንቧን ከብቦ የተቀመጠ ትንሽ ዕጢ በመሆኑ፣ ሲወጣ ሽንትን ይገታ የነበረው ኃይል ከፊሉ አብሮት ይሄዳል፤ የቀረው ጡንቻ ብቻውን መሥራት እስኪለምድም ወራት ይፈጃል። ይህን የተረዳሁት ካቴተሩ፣ ሽንቴን ያፈስስልኝ የነበረው ቀጭን ቱቦ፣ ከተነሣልኝ ቀን ጀምሮ ነው። ተኝቼ ሳለሁ ደረቅ ነኝ፤ ስነሣ፣ ሳስነጥስ፣ ከባድ ነገር ሳነሣ ያመልጠኛል። ጥቁር ሱሪ ብቻ መልበስ ጀመርሁ፤ ከተቀመጥሁበት ስነሣ ወንበሩን ዘወር ብዬ ማየት ልማድ ሆነብኝ። የልጅ ልጄ እጆቿን ዘርግታ «አንሣኝ» ስትለኝ «ወገቤን አሞኛል» እያልሁ አሳዝኛታለሁ። ወገቤ ደኅና ነበር።

በሦስተኛው ወር ክትትሌ ላይ ነርሷ ወረቀት ይዛ «በቀን ስንት ይቀይራሉ?» አለችኝ። «አንድ» አልኋት። ብዕሯን አስቀምጣ «ጋሼ፣ ብዙዎቹ አሳንሰው ነው የሚነግሩኝ፤ እውነቱን ካላወቅሁ ግን ልረዳዎት አልችልም» ስትለኝ፣ «አራት» የሚለው ቃል ከአፌ እስኪወጣ ድረስ ላብ አጠመቀኝ። ከዚያ በኋላ የዳሌን ወለል ጡንቻ ማሠራት አስተማረችኝ፦ ትንፋሽ ሳይያዝ፣ መቀመጫና ሆድ ሳይጨመደዱ፣ ሽንትን ለመግታት እንደሚደረገው አጥብቆ መያዝና ቀስ ብሎ መልቀቅ። ከወንበር ከመነሣቴ በፊት፣ ማስነጠስ ሲመጣብኝም ቀድሜ እንድይዝ ነገረችኝ። በቀን ሦስት ጊዜ ሳላቋርጥ ሠራሁት።

ሁለተኛው ነገር ከዚህ ይከብዳል። ብልት እንዲቆም የሚያደርጉት ነርቮች በዕጢው ግራና ቀኝ ተጠግተው ያልፋሉ። ፓትሪክ ዋልሽ የተባለው ቀዶ ሐኪም እነዚህን ነርቮች ሳይነካ ዕጢውን ማውጣት እንደሚቻል በ1982 እ.ኤ.አ. እስካሳየበት ጊዜ ድረስ ከዚህ ቀዶ ሕክምና በኋላ ኃይላቸውን የማያጡት ጥቂቶች ነበሩ። ለእኔ የተረፈው የአንዱ ጎን ነርቭ ነው። እርሱም ቢያገግም ዓመት፣ ምናልባትም ሁለት ዓመት ይፈልጋል። በቋንቋችን ይህን «ስንፈተ ወሲብ» ማለታችን ያሳዝነኛል፤ የተጎዳው ነርቭ ነው እንጂ የሰነፈ ሰው የለም። ቃሉ ግን ልቤ ውስጥ ገብቶ ስለነበር፣ ባለቤቴ እንቅልፍ እስኪወስዳት ድረስ ቴሌቪዥን ፊት እቀመጥ ነበር። አንድ ሌሊት መጥታ አጠገቤ ቆመችና «ተመልሶ ነው? እውነቱን ንገረኝ» አለችኝ። ካንሰሩን ማለቷ ነው። እያንዳንዱን ሌሊት እኔ የማፍረው በሰውነቴ ሲሆን እርሷ የምትፈራው ሞቴን ነበር። ነገሩን ሁሉ ስነግራት አልቅሳ «ለዚህ ነው አራት ወር ሙሉ ብቻዬን ያስፈራኸኝ?» አለችኝ።

ለዚሁ ካንሰር የሆርሞን ሕክምና ላይ ያለ ወዳጄ ደግሞ ሌላ ነገር ያወራኛል፦ ድንገት የሚያቃጥል ሙቀት፣ የሚሟሽሽ ጡንቻ፣ የሚሳሳ አጥንት፣ ያለ ምክንያት የሚመጣ እንባ።

ከተቆጨሁበት አንዱን ልጻፍ። ሕመማቸው ከዕጢው ሳይወጣ የተደረሰባቸው 1,643 የብሪታንያ ወንዶች በቀዶ ሕክምና፣ በጨረር ወይም በቅርብ ክትትል ተመድበው ቆይተው፣ በ2023 እ.ኤ.አ. በወጣው የ15 ዓመት ውጤት በየትኛውም መንገድ ቢሄዱ ከ100ው 97 ገደማ የሚሆኑት በዚህ ካንሰር አልሞቱም። ከዕጢው ላለፈ ወይም ጠንከር ላለ ሕመም ይህ ስሌት አይሠራም። በጊዜ ለተደረሰበት ሰው ግን ምርጫው በአብዛኛው የአኗኗር ምርጫ ነው፤ ለእኔ ግን ከመፈረሜ በፊት ስለዚህ የተነገረኝ በአንድ ዓረፍተ ነገር ነበር። ምናልባት ያንኑ ቀዶ ሕክምና እመርጥ ነበር፤ ነገር ግን ባለቤቴን ከጎኔ አስቀምጬ፣ ጠይቄ እመርጠው ነበር።

ዛሬ ማታ ለነገው ክትትል የሚሞላውን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘርግተን አብረን ሞላነው። መነጽሯን አድርጋ ጥያቄዎቹን አንድ በአንድ ጮክ ብላ አነበበችልኝ። ፓዱ ጋ ስትደርስ ቀና ብላ «ስንት ልጻፍ?» አለችኝ።

«አንድ።»

«እውነት አንድ?»

«እውነት አንድ» አልኋት፤ ጻፈችው።