ዊግ የሌላቸው ዳኛ

ዛሬ ጎረቤቴን ጋሼን ይዤ ለንደን ካውንቲ ፍርድ ቤት ዋልኩ። ወጥ ቤታቸውን ሊያድስ 2,400 ፓውንድ ተቀብሎ ግማሽ ላይ የጠፋ ሰውዬ ነው ጉዳዩ። "ዳኛው ያንን ነጭ ዊግ ያደርጋል?" ይሉኛል በር ላይ። እኔም እሱን ነበር የጠበቅኩት። ስንገባ አንድ ጠረጴዛ፣ ሱፍ የለበሱ ሴት ዳኛ፣ አለቀ።

እስከ 10,000 ፓውንድ ያለ የገንዘብ ክርክር አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ነው የሚታየው፤ ያለ ጠበቃ ይቻላል፣ ብትሸነፍም የሌላውን የጠበቃ ሂሳብ በአብዛኛው አትከፍልም። ከችሎቱ በፊት ደግሞ አስታራቂ በስልክ ይደውላል፤ አንድ ሰዓት፣ በነፃ። ሁለቱን አያገናኝም፣ ለየብቻ እየደወለ ነው የሚያመላልሰው። ጋሼ "ፊቱን ሳላይ ምን ዓይነት ሽምግልና ነው?" ብለው ነበር። ሳይስማሙ ቀሩ።

ጋሼ ወረቀታቸውን በፌስታል ነው ያመጡት። ዳኛዋ የዋትስአፑን መልእክት ሦስቴ አነበቡት። ጥያቄው የማን ቃል ይበልጥ እውነት ይመስላል ነው፣ ከዚያ በላይ እርግጠኛ መሆን አይጠበቅም። በ14 ቀን ውስጥ 1,900 ፓውንድ ይመልስ ተባለ። በወር ውስጥ ካልከፈለ ስሙ ዕዳ ክፈሉ ተብሎ የተፈረደባቸው ሰዎች መዝገብ ላይ 6 ዓመት ይቀመጣል፤ ብድር ሲጠይቅ ያያታል!

አውቶቡስ ላይ ጋሼ ዝም ብለው ቆዩና፣ "እሺ፣ ወጥ ቤቱን አሁን ማን ይጨርስልኝ?"