አድልዎ ደርሶብኛል ብዬ ለኮሚሽኑ ይግባኝ ያልኩበት መንገድ

አሜሪካ ውስጥ የፌደራል መንግሥት ሠራተኛ በሥራ ቦታው አድልዎ ሲደርስበት አቤቱታውን ተቀብሎ የሚያስመረምረው የተከሰሰው መሥሪያ ቤት ራሱ ነው። ሠራተኛው በአስተዳደር ዳኛ ፊት ችሎት ካልጠየቀ ደግሞ ውሳኔውን የሚጽፈውም ያው መሥሪያ ቤት ነው። ጉዳዩ ከዚያ እጅ ወጥቶ የእኩል የሥራ ዕድል ኮሚሽን ዘንድ የሚደርሰው በይግባኝ ነው። በፖስታ ቤት፣ በወታደር ጡረተኞች ሆስፒታል፣ በዋሽንግተን ዙሪያ ባሉ መሥሪያ ቤቶች የምትሠሩ ብዙ ስለሆናችሁ፣ ያለ ጠበቃ እንዴት እንደሄድኩበትና የት የት እንደተሳሳትኩ እጽፋለሁ።

አቤቱታዬ ሁለት ነገር ነበረው። አንደኛው በትውልድ አገሬና በአክሰንቴ ምክንያት የደረጃ ዕድገት ተከለከልኩ የሚል ነው። ሁለተኛው ከዚያ በፊት ለወራት የዘለቀ ትንኮሳ ነው። መሥሪያ ቤቱ የመጀመሪያውን አስመርምሮ «አድልዎ አልተገኘም» ብሎ ዘጋው፤ ሁለተኛውን ሳይመረምር «ጊዜው አልፏል» ብሎ ጣለው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚደናገርበት ነገር አለ፤ ከአቤቱታው አንዱ ክፍል ብቻ ሲጣል ወዲያውኑ ይግባኝ አይባልበትም። በቀረው ክፍል ላይ የመጨረሻ ውሳኔ እስኪሰጥ ይጠበቅና ሁለቱ አንድ ላይ ይቀርባሉ። የተጣለበት ደብዳቤ እስከዚያ ድረስ እንዳይጠፋ በደንብ ማስቀመጥ ያስፈልጋል።

ስለ ቀነ ገደብ። ድርጊቱ ከተፈጸመ በ45 ቀን ውስጥ የመሥሪያ ቤቱን የእኩል ዕድል አማካሪ ማነጋገር፣ አማካሪው አቤቱታ የማስገባት መብት እንዳላችሁ የሚገልጸውን ማስታወቂያ ከሰጠ በኋላ በ15 ቀን ውስጥ መደበኛ አቤቱታ ማስገባት፣ የምርመራ ፋይሉ ከደረሰ በ30 ቀን ውስጥ ችሎት ወይም የመሥሪያ ቤቱን ውሳኔ መምረጥ፣ የመጨረሻው ውሳኔ ከደረሰ በ30 ቀን ውስጥ ይግባኝ። ሁሉም የሚቆጠረው ቅዳሜና እሑድን ጨምሮ ነው፤ የመጨረሻው ቀን ቅዳሜ፣ እሑድ ወይም የፌደራል በዓል ላይ ከዋለ ብቻ ወደሚቀጥለው የሥራ ቀን ይሸጋገራል። ጠበቃ የያዘ ሰው ይግባኙን የሚቆጥረው ውሳኔው ለጠበቃው ከደረሰበት ቀን ነው። ለእኛ አንድ ተጨማሪ ወጥመድ አለ፦ እዚህ ወር ከቀን ይቀድማል። 04/05 ኤፕሪል 5 ነው እንጂ ሜይ 4 አይደለም። ማስታወሻዬን በለመድኩት መንገድ ጽፌ ስለነበር ሁሉንም ቀን እንደገና ወሩን በፊደል አድርጌ መጻፍ ነበረብኝ።

ይግባኙ የሚከፈተው በቅጽ 573 ነው። ቅጹ አጭር ነው፤ ስም፣ መሥሪያ ቤት፣ የአቤቱታ ቁጥር፣ ውሳኔው የደረሰበት ቀን። ከውሳኔው ቅጂ ጋር በኮሚሽኑ ፐብሊክ ፖርታል ይጫናል፤ ጉዳዩን የሚያየው የኮሚሽኑ የፌደራል ኦፕሬሽንስ ቢሮ ነው። ለመሥሪያ ቤቱም ቅጂ መላክና መቼና እንዴት እንደተላከ መግለጽ ግዴታ ነው። ስማችሁ በቅጥር ፋይላችሁ ላይ በተጻፈበት ሆሄ ብቻ ይጻፍ፤ የአባት ስም አንዱ ጋ መካከለኛ፣ ሌላው ጋ የቤተሰብ ስም እየሆነ ፋይል ሲያምታታ አይቻለሁ።

ይግባኝ ያልንበትን ምክንያት የሚያስረዳው ጽሑፍ፣ ማለትም ማብራሪያው፣ የግድ ከቅጹ ጋር አብሮ መግባት አያስፈልገውም። ቅጹ ከገባበት ቀን ጀምሮ ሌላ 30 ቀን አለ። ማብራሪያው አላለቀም ብለው ቅጹን የሚያዘገዩ ሰዎች ይግባኙን ራሱን ያጣሉ፤ ስለዚህ ቅጹን በመጀመሪያው ሳምንት አስገብቼ ጽሑፉን ቀስ ብዬ ሠራሁ። መሥሪያ ቤቱ ይግባኙ ከተነገረው በኋላ በ30 ቀን ውስጥ ሙሉ ፋይሉን ለኮሚሽኑ ይልካል፤ ማብራሪያዬ በደረሰው በ30 ቀን ውስጥም መልሱን ያቀርባል። ደንቡ ለዚያ መልስ መልስ የምሰጥበትን ዕድል አላስቀመጠልኝም። ስለዚህ ሊሉት ይችላሉ ያልኩትን አስቀድሜ እዚያው መመለስ ነበረብኝ።

ከሁሉ በላይ መረዳት ያለባችሁ ግን ይህ ነው፦ ይግባኙን የሚያየው ሰው አያነጋግራችሁም። ምስክር አይጠራም፣ የፊታችሁን ሐዘን አያይም። የሚያየው የምርመራ ፋይሉን ነው። አቤቱታዬ በመሥሪያ ቤቱ ውሳኔ የተቋጨ ስለነበር ኮሚሽኑ ፍሬ ነገሩንም ሕጉንም እንደ አዲስ ከሥር ጀምሮ ያየዋል። በአንጻሩ የአስተዳደር ዳኛ ችሎት ተቀምጦ፣ ምስክር ሰምቶ የወሰነ ቢሆን ኖሮ ፍሬ ነገሩን በተመለከተ የዳኛው ግኝት በቂ ማስረጃ እስካለው ድረስ አይነካም። ይህን ሳነብ ችሎት አለመጠየቄ የሚጠቅመኝ መስሎኝ ነበር። አልጠቀመኝም። የእኔ ጉዳይ የተንጠለጠለው የደረጃ ዕድገቱ ቃለ መጠይቅ ኮሚቴ አባላት እውነት ተናግረዋል ወይ በሚለው ላይ ነበር፤ ያን ደግሞ ሰውን ፊት ለፊት መስቀለኛ ጥያቄ ካልጠየቁት ከወረቀት ማወቅ አይቻልም። ኮሚሽኑም ችሎት ባልተጠየቀባቸው ውሳኔዎቹ ላይ ደጋግሞ የሚጽፈው ይህንኑ ነው፦ የምስክሮቹን ተአማኒነት የመዘነ ዳኛ ስለሌለ ያለን የፋይሉ ጽሑፍ ብቻ ነው። ክርክሩ የአንዱ ቃል ከሌላው ቃል ጋር በመጋጨቱ ላይ የተመሠረተ ሰው ችሎት ይጠይቅ።

«ጊዜው አልፏል» የተባለውን ክፍል እንዲህ ተከራከርኩት። መሥሪያ ቤቱ ትንኮሳውን ስምንት የተለያዩ ድርጊቶች አድርጎ ቆራረጠና እያንዳንዱን ከ45 ቀኑ ጋር አስተያየ፤ አብዛኛዎቹ ከገደቡ ውጪ ወደቁ። ነገር ግን የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2002 በሞርጋን ጉዳይ እንደወሰነው፣ የትንኮሳ አቤቱታ አንድ ሙሉ ድርጊት ነው፤ ከክፍሎቹ አንዱ በገደቡ ውስጥ ከሆነ የቀደሙትም አብረው ይታያሉ። የደረጃ ዕድገት መከልከል፣ ከሥራ መባረር፣ ዝውውር ግን እያንዳንዳቸው ለብቻቸው ስለሚቆጠሩ በዚህ ጥላ ሥር አይገቡም። አንድ ገጽ ሰንጠረዥ ሠራሁ፦ ቀን፣ የተባለው ወይም የተደረገው፣ ያደረገው ሰው፣ የፋይሉ ገጽ ቁጥር። የመጨረሻው ድርጊት አማካሪውን ካነጋገርኩበት ቀን 19 ቀን ብቻ ቀደም ያለ ነበር። በዚያ ላይ ጊዜው ማለፉን የማስረዳት ሸክም የመሥሪያ ቤቱ መሆኑን ጨመርኩ። ክርክሩ ከሁለት ገጽ አልበለጠም።

የደረጃ ዕድገቱ ክፍል ከባድ ነው። መንገዱ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1973 በማክዶኔል ዳግላስ ጉዳይ ከሰጠው ውሳኔ ጀምሮ የታወቀ ነው፦ መጀመሪያ አድልዎ ሊኖር እንደሚችል የሚያሳይ መነሻ አቀርባለሁ፣ መሥሪያ ቤቱ ከአድልዎ ውጪ የሆነ ምክንያት ይሰጣል፣ ከዚያ ያ ምክንያት ሰበብ መሆኑን የማሳየው እኔ ነኝ። የወደቅኩት ሦስተኛው ላይ ነው። ማብራሪያዬ በአገልግሎት ዘመን ከተመራጩ እንደምበልጥ በሰፊው ያትታል። ረጅም አገልግሎት ብቻውን ሚዛን አይደፋም፤ ኮሚሽኑ መሥሪያ ቤቶች ከብቁ እጩዎች መካከል የመምረጥ ሰፊ ነፃነት እንዳላቸው ይቀበላል፣ ብልጫውም በግልጽ አፍጥጦ የሚታይ እንዲሆን ይፈልጋል። መከተል የነበረብኝ ሌላ ክር ነበር። አንዷ የኮሚቴ አባል በማስታወሻዋ ላይ «ተግባቦት ደካማ» ብላ ጽፋ ነጥቤን ዝቅ አድርጋ ነበር። በኮሚሽኑ አቋም አክሰንት ለቅጥር ወይም ለዕድገት ውሳኔ ምክንያት ሊሆን የሚችለው የሥራውን ተግባር በእርግጥ የሚያውክ ከሆነ ብቻ ነው። ስለዚህ መነሳት የነበረበት ጥያቄ የትኛው ተግባር ነው የታወከው የሚል ነበር። ለሦስት ዓመት የተሰጡኝ የሥራ አፈጻጸም ምዘናዎች የቃል ገለጻዬን የሚያመሰግኑ ነበሩ።

ምዘናዎቹን ከይግባኙ ጋር አያይዤ ላክሁ። ኮሚሽኑ አልተቀበላቸውም። በይግባኝ ላይ አዲስ ማስረጃ የሚገባው በምርመራው ጊዜ በተገቢ ጥረት ሊገኝ ያልቻለ ከሆነ ብቻ ነው፤ ምዘናዎቹ ደግሞ ያኔም በእጄ ነበሩ። ይህ እስካሁን የሚያንገበግበኝ ስሕተት ነው፤ ሌላ ሰው ላይ እንዳይደገም የምጽፈውም በዋናነት ለዚህ ነው። መርማሪው የኃላፊዎቹን የመሐላ ቃል ልኮ ማስተባበያ ሲጠይቀኝ ሁለት ገጽ የምሬት ጽሑፍ ነው የመለስኩት። በዚያ ወረቀት ላይ መግባት የነበረባቸው ምዘናዎቹ፣ የኮሚቴው አባላት ሁሉ የነጥብ ወረቀት ይቅረብ የሚል ጥያቄ፣ የምስክሮች ስምና እያንዳንዳቸው ምን እንዲጠየቁ እንደምፈልግ ነበሩ። መርማሪው እምቢ ቢል እንኳ በጽሑፍ መጠየቄ ፋይሉ ውስጥ ስለሚቀር፣ በይግባኝ «ምርመራው ጎዶሎ ነው» ለማለት መነሻ ይሆነኝ ነበር።

ስለ አጻጻፍም አንድ ነገር። እኛ ማመልከቻ ስንጽፍ በትሕትና ጀምረን፣ የደረሰብንን በደል ከሥር መሠረቱ ዘርዝረን፣ ልመናውን መጨረሻ ላይ እናስቀምጣለን። የመጀመሪያ ረቂቄ እንዲያ ነበር፤ የምፈልገው ነገር 6ኛው ገጽ ላይ ነው የወጣው። እንደገና ስጽፍ የመጀመሪያው አንቀጽ የምጠይቀውን ውሳኔ ያዘ፤ ከዚያ በኋላ ያለው እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር የገጽ ቁጥር አለው። የገጽ ቁጥር ልሰጠው ያልቻልኩትን ሁሉ ሰረዝኩ። 14 ገጽ የነበረው 7 ሆነ።

ከሥራ መባረር፣ ከ14 ቀን በላይ እገዳ ወይም ከደረጃ ዝቅ መደረግ ከአድልዎ ጋር ሲደባለቅ መንገዱ ሌላ ነው፤ የሠራተኞች የሜሪት ጥበቃ ቦርድ የሚባል ሌላ የፌደራል አካል ይገባበታል። በሠራተኛ ማኅበር በኩል ቅሬታ የጀመረም ሰው ሁለቱን በር አንድ ላይ ማንኳኳት ላይችል ስለሚችል ከመጀመሩ በፊት የማኅበሩን ስምምነት ያንብብ።

ይግባኝ ይዘገያል። ካስገቡ 180 ቀን ካለፈ ውሳኔውን ሳይጠብቁ ፌደራል ፍርድ ቤት መሄድ ይቻላል፤ ያን ጊዜ ግን ይግባኙ ይዘጋል። ውሳኔው ከመጣ በኋላ ፍርድ ቤት ለመሄድ 90 ቀን፣ ኮሚሽኑ ራሱ እንደገና እንዲያየው ለመጠየቅ 30 ቀን አለ። ይህኛው ሁለተኛ ይግባኝ አይደለም፤ ግልጽ የሕግ ወይም የፍሬ ነገር ስሕተት ማሳየት ይጠይቃል። ስማችን ይወጣል ብላችሁ የምትፈሩ ደግሞ፣ ውሳኔው ለሕዝብ ሲወጣ በስማችሁ ፈንታ የተሰጠ ሌላ ስም ነው የሚታየው።

ኮሚሽኑ የደረጃ ዕድገቱን ውሳኔ አጸናው። የትንኮሳውን ክፍል ግን ሽሮ እንዲመረመር ወደ መሥሪያ ቤቱ መለሰው። መርማሪ ሲመደብ ስልኩን ሳልጠብቅ የአምስት ምስክሮች ስም፣ ለእያንዳንዳቸው ሦስት ሦስት ጥያቄ፣ ሰንጠረዡንና ምዘናዎቹን አንድ ላይ አድርጌ ላክሁለት፤ መድረሱንም በጽሑፍ እንዲያረጋግጥልኝ ጠየቅሁ።