ብሉግራስ፦ የማይተዋወቁ ሰዎች አብረው የሚጫወቱት ሙዚቃ

በአሜሪካ የብሉግራስ (በባንጆ፣ በማንዶሊን፣ በጊታርና በመሳሰሉት የክር መሣሪያዎች የሚጫወቱት የአገሩ ባህላዊ ሙዚቃ) ፌስቲቫል ላይ ደስ የሚለው ሰዓት ዋናው መድረክ ከተዘጋ በኋላ ያለው ነው። በመኪና ማቆሚያውና በድንኳኖቹ መካከል ሰዎች ክብ ሠርተው ይቆማሉ፤ ከዚያ በፊት ተያይተው የማያውቁ ስድስት ሰዎች ያለ ልምምድ፣ ያለ ኖታ፣ ያለ ድምፅ ማጉያ እስከ ሌሊት ይጫወታሉ። ይህ ልማድ የደመቀው በ1965 (እ.ኤ.አ.) ቨርጂኒያ ውስጥ በፊንካስል ከተካሄደው የብዙ ቀናት ፌስቲቫል ወዲህ ነው።

ስልቱ ስሙን ያገኘው ከኬንታኪው የማንዶሊን (ጥንድ ጥንድ ክሮች ያሉት ትንሽ የክር መሣሪያ) ተጫዋች ከቢል ሞንሮ ባንድ ከ«ብሉ ግራስ ቦይስ» ነው። በ1945 (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ኧርል ስክራግስ በሦስት ጣት የሚመታውን ባንጆ ይዞ ሲገባ ዛሬ የምናውቀው ድምፅ ተሟላ። የባንጆ ዘሩ ምዕራብ አፍሪካዊ ነው፤ ቆዳ የተወጠረበትን የድሮውን ባንጆ ያየ ሰው ማሲንቆ ትዝ ቢለው አይፈረድበትም።

ከበሮ የለም። ቤዙ ምቱን ሲጥል ማንዶሊኑ በመሃል ያለውን ክፍተት በአጭሩ «ቸክ» እያለ ይሞላል። ለዚህ ኮርዱ (አብረው የሚሰሙት ድምፆች) አራቱም ጥንድ ክሮች በጣት የተያዙበት መሆን አለበት፤ እንደተመታ የግራ እጅ ጣቶች ላላ ሲሉ ድምፁ ይቆረጣል። ያልተያዘ ክር ካለ ግን መጮኹን ይቀጥልና ምቱ ይደፈርሳል። ማንዶሊኑ ከቸኮለ ደግሞ ክቡ ሁሉ ይቸኩላል።

ዘፈን የሚጀምረው ሰው ኪውን፣ ማለትም በፊደል የሚጠራውን የዘፈኑን መነሻ ድምፅ፣ ይናገራል። አብዛኞቹ ዘፈኖች ሦስት ኮርድ ብቻ አላቸው፤ በጂ ከሆነ ጂ፣ ሲ እና ዲ። በኤ ከተባለ ጊታሩ ካፖውን (ክሮቹን አንድ ላይ የሚጫን ማሰሪያ) 2ኛው ፍሬት (በአንገቱ ላይ ካሉት የብረት መስመሮች አንዱ) ላይ አስሮ ያንኑ የጂ አያያዝ ይጫወታል። ባንጆ ላይ ይህ ብቻውን አይበቃም፤ አጭሩ 5ኛ ክር ከ5ኛው ፍሬት ስለሚጀምር ካፖው አይነካውም፣ ክሩ ራሱ 7ኛው ፍሬት ላይ ካለችው ትንሽ ሚስማር ሥር መግባት አለበት። ይህ ከተረሳ ያ ክር በተመታ ቁጥር ከኮርዱ ጋር ይጣላል።

በግጥሞቹ መካከል ዘፋኙ አንዱን በዓይኑ ይጠራዋል፤ ዜማውን በመሣሪያው የመጫወት ተራው የእሱ ነው። ያልፈለገ ራሱን ነቅነቅ ያደርጋል፣ ተራው ወደ ጎረቤቱ ያልፋል፣ ማንም ቅር አይለውም። ሲዘፈን ግን ሁሉም ድምፁን ይቀንሳል። የአዲስ ሰው ትልቁ ስህተት በዘፋኙ ላይ መደራረብ ነው፤ ዜማው የማይሰማው ክብ ቶሎ ይበተናል። ዘፋኙ እግሩን ብድግ ካደረገ ማለቁ ነው።

ዘፈኑን የማያውቅ ሰው ከክቡ ጀርባ ቆሞ የጊታሪስቱን ግራ እጅ ይከተል። አንድ ዙር ካዳመጠ ሁለተኛው ላይ ኮርዶቹን ቀስ ብሎ መምታት ይችላል።